ፍሪዘሩን ወደ ፍሪጅ ቀየርኩት፤ ታች ያሉት ፔትሪ ዲሾች ግን በረዶ ሆኑ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በትርፍ ጊዜዬ ቤቴ ውስጥ የእርሾ ዘሮችን አሳድጋለሁ። ለማስቀመጫ 4 ዲግሪ ስለሚያስፈልገኝ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት አሮጌ ፍሪዘር ላይ ኤስቲሲ-1000 የሚባል የሙቀት መቆጣጠሪያ ገጠምኩ። ሙቀት የሚለካው ሴንሰሩ መሀል ላይ ተንጠልጥሏል። ስክሪኑ ማታም ጠዋትም 4 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ታች ግድግዳው ጋ የነበሩት ፔትሪ ዲሾች (እርሾው የሚያድግባቸው ክዳን ያላቸው ጠፍጣፋ ሳህኖች) ግን በረዶ ሰርተው አገኘኋቸው። ሲቀልጡ አጋሩ (እርሾው የሚያድግበት ጄሊ) ተሰነጣጥቆ ውሃ ተፋ። የሁለት ሳምንት ልፋቴ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ 1
አይዞህ ወንድሜ። መቆጣጠሪያው አልተሳሳተም፤ የሚያውቀው ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ፍሪዘር ማቀዝቀዣ ቱቦው ግድግዳው ውስጥ ነው የተቀበረው። የተሰራው ለ-18 ዲግሪ ስለሆነ ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከጠፋ በኋላም ማቀዝቀዙን አያቆምም። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ታች ይተኛል። ዲሾቹን የሽቦ መደርደሪያ ላይ አውጣቸው፣ ከግድግዳው አርቃቸው። 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን ወለሉ ላይ አድርግና ወደ ላይ ይንፈስ።

መልስ 2
በፋኑ እስማማለሁ። ሴንሰሩን ግን አየር ላይ አትተወው፤ ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር ሞተሩን ያስነሳብሃል። ትንሽ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ክተተው። ትንሽ ያልኩህ ደርሶብኝ ነው። እኔ በ2 ሊትር ጠርሙስ ጀመርኩ፤ ያ ሁሉ ውሃ እስኪቀዘቅዝ ሞተሩ ሲሰራ ቆይቶ ግድግዳው ጭራሽ በረዶ ጋገረ። 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል።
መቆጣጠሪያው ላይ ኤፍ1ን (ሞተሩ የሚጠፋበትን ሙቀት) 5፣ ኤፍ2ን (ሞተሩ እስኪነሳ ከዚያ በላይ የሚፈቀደውን ልዩነት) 1 አድርግ። 6 ሲደርስ ይነሳል፣ 5 ላይ ይጠፋል፣ ከዚያ ግድግዳው ራሱ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ኤፍ3 ላይ ያለውን 3 ደቂቃ (ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንደገና ሳይነሳ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 5 ከፍ አድርገው። ጠፍቶ ወዲያው የሚነሳ ሞተር የጋዙ ግፊት ሳይረጋጋ ስለሚታገል ዕድሜው ያጥራል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። የሴንሰሩን ገመድ በክዳኑ ጎማ ስር ነው ያሳለፍኩት። ግድግዳውን ብበሳው አይሻልም?

መልስ 3
በፍጹም እንዳትበሳ! ቱቦው በየት እንደሚያልፍ ከውጭ አይታይም። ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪዘሮች ደግሞ የያዙት ጋዝ አይሶቡቴን ነው፤ ተቀጣጣይ ነው። ቀጭን ገመድ በጎማው ስር ቢያልፍ ምንም አይልም። በዚሁ አጋጣሚ፣ አሴቶንም ሆነ ኤተር እዚያ ውስጥ እንዳታስገባ። ትነቱ ታች ይጠራቀማል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ምግብም አይቀላቀል።
እርጥበቱንም ተከታተል። ዲሾቹን ገልብጠህ በላስቲክ አሽጋቸው፤ ጤዛው አጋሩ ላይ አይንጠባጠብም።

ጠያቂው
ሦስት ቀን ሆነው። ታችና ላይ አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ ለካሁ፤ ታች 4.6፣ ላይ 5.3። ኤፍ1ን ወደ 4.5 አወረድኩት። ወለሉ ላይ አንድ ማንኪያ የሚሆን ውሃ ስላገኘሁ ፎጣ አንጥፌበታለሁ። ዛሬ አዲሶቹን ዲሾች አስገባሁ።