በታጁራ ሁለት ወር ለመቀመጥ አስቤአለሁ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ (ከአዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። በደጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕድሜዬ ከአርባ ያለፈ፣ ባሕርን ግን ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ያየሁ ሰው ነኝ። ሥራዬን የትም ሆኜ በኮምፒውተር መሥራት ስለምችል፣ በመጪው ኅዳር ወደ ጅቡቲ ሄጄ ሁለት ወር ያህል በታጁራ ልቀመጥ አስቤአለሁ። ትልቅ ከተማ አልፈልግም፤ ጠዋት በር ስከፍት ውኃው የሚታየኝ፣ ገበያ ደርሼ በእግሬ የምመለስበት ቦታ ይበቃኛል። ታጁራ በእርግጥ የምትኖርበት ከተማ ናት ወይስ ለሁለት ቀን ጉብኝት ብቻ የምትሆን?

መልስ (ከጅቡቲ ከተማ)
ለወደቡ ሥራ ሄጄ አንድ ዓመት ተኩል ታጁራ ስለ ኖርሁ የምነግርዎ ያየሁትን ነው። ከተማዋ ከጀርባዋ የጎዳ ተራሮች፣ ከፊቷ ባሕረ ሰላጤው ስላለ፣ ነጫጭ ቤቶቿና መስጊዶቿ በመካከል ባለችው ጠባብ ስፍራ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከዳር እስከ ዳር በእግር ይጨርሷታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ባለሱቁ ስሜን ያውቅ ነበር። አፋርኛ ባልችልም አማርኛ የሚሰማ ሰው አላጣሁም።

ከሁሉ የማልረሳው ምሽቱን ነው። ፀሐይ ስትበርድ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ አሸዋው ሲስቡ ልጆች ገመዱን ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ፤ ዓሣውም እዚያው ይሸጣል። የገዙትን ይዘው ወደ ምድጃው ቤት ቢሄዱ፣ ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በርበሬ ይቀባል፣ ከዚያም እንደ የመኖች ልማድ በጋለው የሸክላ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርብልዎታል። ቆዳው ጠቁሮ ሥጋው ነጭና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ በየምግብ ቤቱ ፈልጌው አላገኘሁትም።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
እኔን ወደ ታጁራ የወሰደኝ ታሪኳ ነው። ጅቡቲ ከተማ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የሸዋ ንግድ ወደ ባሕር ከሚወጣባቸው በሮች አንዷ ታጁራ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከመርከብ የወረደው እዚያ ሲሆን፣ ጓዙን በግመል ጭኖ በአፋር ምድረ በዳ በኩል አንኮበር ገብቷል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደርሶ፣ ቅፍለቱን አንቀሳቅሶ ለመነሣት አሥር ወር ያህል ፈጅቶበታል። በዚያው መንገድ ከአገራችን የተነዱ ብዙ ባሮች ወደ ዓረብ አገር ተሻግረዋል፤ ይህን እያሰብሁ በዳርቻው ስቆም ልቤ ከብዶኝ ነበር። ለእኛ ታጁራ የመዝናኛ ስፍራ ብቻ አይደለችም የምለው ስለዚህ ነው።

መልስ (ከድሬዳዋ)
ወሩን በመልካም መርጠዋል። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ለስላሳ ነው፤ በዚሁ ወቅት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍና ሰው የማይተናኮል ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ከበረሃ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስም ቤት ይዘጋል። ከሁለቱ ወር በላይ መቆየት ካማርዎ ይህን አይርሱ።

ከጅቡቲ ከተማ በመርከብ ባሕሩን መሻገር ወይም በመኪና ባሕረ ሰላጤውን መዞር ይቻላል። እኔ የመርከቡ ቀን መለወጡን ሳልሰማ ሻንጣዬን ይዤ ወደቡ ላይ ግማሽ ቀን ስለ ባከንሁ፣ በዋዜማው ደውለው ያረጋግጡ። ኑሮውም ርካሽ አይደለም፤ ከዓሣው በቀር አብዛኛው ነገር ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ የአትክልት ዋጋ ያስደነግጥዎታል። ሙቀት ከጸናብዎ በጎዳ ተራራ አናት ጥድ ያለበት የዴይ ደን አለ፤ ሲመሽ ጋቢ ያስፈልግዎታል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በኅዳር አጋማሽ እነሣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ፊቱ ወደ ባሕር የሆነ ክፍል በወር የሚያከራይ ሰው ይገኛል?

መልስ (ከጅቡቲ ከተማ)
ይገኛል። እኔ ያገኘሁት ባለሱቁን ጠይቄ ነው። ነገር ግን መስኮቱ ወደ ባሕር ብቻ ሳይሆን በተራራው በኩልም የሚከፈተውን ይምረጡ፤ ሌሊት ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ቤቱን አቋርጦ ካላለፈ እንቅልፍ አይወስድዎትም።