በጎኔ መተኛት አቃተኝ

ሰላም እናቶችና እህቶች። ያለሁት ደሴ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ክትትል ላይ ልጁም የደም ግፊቴም ደህና ነው ተብያለሁ። የቸገረኝ ሌሊቱ ነው።

ነርሷ በጀርባሽ አትተኚ ብላኛለች፤ ማህፀኑ ትልቁን የደም ስር ስለሚጫን። እሺ ብዬ በጎኔ እተኛለሁ። ግን ፍራሻችን የቆየ ስፖንጅ ነው፤ መሃሉ ጎድጉዷል። ትንሽ እንደቆየሁ ከታች ያለው ዳሌዬ ይወጋኛል። ስገላበጥ ደግሞ ሌላኛው። ለደሴ ብርድ የምንደራርበው ብርድ ልብስ ራሱ መዞሩን ያከብደዋል።

ትራስ በጉልበቶቼ መሃል አደረግኩ፤ ወገቤን ረዳኝ፣ ዳሌዬን ግን ምንም። ለቃሩ እራት በጊዜ እበላለሁ፣ የማታ ቡናም ትቻለሁ፤ እሱስ ተሻለኝ። እናቴ ወለል ላይ አንጥፈሽ ተኚ ትለኛለች። ሌሊት ለሽንት ስንቴ እየተነሳሁ፣ በዚህ ሆድ ከወለል መነሳት አይታሰብም።

አዲስ ፍራሽ አሁን አንገዛም፤ ያለችንን ለወሊዱ እያስቀመጥን ነው። በእጄ ያለው ሁለት ትራስ፣ አንድ ጋቢና ትርፍ ብርድ ልብስ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ እህቶች፣ በጎደጎደ ስፖንጅ ላይ ዳሌ እንዳይወጋ እነዚህን የት የት አድርጋችሁ ነው የተኛችሁት?