ፎቶዎቼን ሌላ ስቱዲዮ የራሱ አድርጎ ለጥፏቸዋል፤ እንዴት ነው የማስወርዳቸው?

ባለሌንሷ፦
ወገኖች ድረሱልኝ። አንድ ስቱዲዮ እኔ ያነሳኋቸውን የሰርግ ፎቶዎች የራሱን ሎጎ አድርጎ ዛሬ ኢንስታግራም ላይ ለጥፏቸዋል። ቡስት ሁሉ አድርጓቸዋል፤ ከፍሎ ማስታወቂያ አድርጎ እያሠራጫቸው ነው። እነዚያው ፎቶዎች እኔም ፔጅ ላይ አሉ። ነገ ቀብድ ልትከፍለኝ የነበረች ሙሽራ ስክሪንሾት ልካ "የማን ሥራ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ቶሎ በሉ እባካችሁ።

ቀልደኛው_ፍላሽ፦
ሪፖርት አድርጊው።

የድሮ_ካሜራ፦
ልጄ፣ በእኛ ጊዜ አንድ ጥቅልል ፊልም 36 ፎቶ ነበር። አስበን ነበር የምናነሳው። ዛሬ ካሜራ ያንጠለጠለ ሁሉ ባለስቱዲዮ ነው፤ ገበያው ሲጠብ አንዱ የሌላውን ይመነትፋል። ሕጉ ግን የቆየ ነው። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። በ1908 ሲሻሻል የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ፣ ሥራው ሲፈጠር አብሮ እንዲገኝ ተደረገ። እና በአባል አገሮች...

ቀልደኛው_ፍላሽ፦
አባባ፣ ሙሽራዋ እስከ ነገ ብቻ ነው የምትጠብቀው 😂

ኤዲተሯ፦
መጀመሪያ ማስረጃ ያዢ። የፖስቱን ሊንክና ስክሪንሾት ከነቀኑ አስቀምጪ። ሜታ አድ ላይብረሪ (የኢንስታግራም ማስታወቂያዎች ለሁሉም የሚታዩበት ገጽ) ላይ የስቱዲዮውን ስም ብትጽፊ እየሄደ ያለውን ማስታወቂያ ታገኚዋለሽ። ሮው ፋይሎቹን (ካሜራው ያወጣቸውን ያልተነኩ ዋና ፋይሎች) ለብቻ አስቀምጪ፤ ጄፔግ ማንም እጅ ይገባል፣ ሮው ግን እንደዚያ አይደለም። ከዚያ ተራውን ሪፖርት ሳይሆን የቅጂ መብት ፎርሙን ሙዪ። ስምሽና ኢሜይልሽ ለከሰስሽው ሰው ሊደርስ ስለሚችል የሥራ ኢሜይል ተጠቀሚ።

ቀልደኛው_ፍላሽ፦
እኔስ ምን አልኩ? ሪፖርት።

ትሪፖድ፦
ቆይ ቆይ። አንቺ ያልለጠፍሻቸው ፎቶዎችም እዚያ አሉ? ካሉ ከፔጅሽ አልወሰዷቸውም ማለት ነው። ዋናው ፋይል እንዴት እጃቸው ገባ?

ባለሌንሷ፦
አዎ አሉ። ያው የዚያን ቀን ለእነሱ ሁለተኛ ካሜራ (ከዋናው ፎቶ አንሺ ጎን የሚያነሳ ረዳት) ሆኜ ነበር የሠራሁት። ካርዱን ማታውኑ ገልብጠውታል። ግን ያነሳሁት እኔ ነኝ!

ቀልደኛው_ፍላሽ፦
ኧረ በሕግ! ይሄን አሁን ነው የምትነግሪን?

ትሪፖድ፦
እንግዲያው ጥያቄው ሌላ ነው። ደንበኛው የእነሱ ነው፣ ሥራውን የተቀበሉትም እነሱ ናቸው። ተቀጣሪ ከነበርሽ በብዙ አገር መብቱ የአሠሪው ነው። ለዚያ ቀን ብቻ ተከፍሎሽ ከሆነ ውሉን እይው፤ ውል ከሌለ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ይሄን ሳታጣሪ ፎርሙን ብትሞዪ እነሱም ተቃውሞ ያስገባሉ። ይባስ ብለው አንቺ ፔጅ ላይ ያሉትን ያስወርዱብሻል። አሁን ደውለሽ "እኔንም ታግ አድርጉኝ" በያቸው። ብዙዎቹ እምቢ አይሉም።

ባለሌንሷ፦
ውል የለንም፣ በስልክ ነው የተነጋገርነው። ሙሽራዋንስ?

ኤዲተሯ፦
እውነቱን በአጭሩ ጻፊላት፦ "ሥራው የስቱዲዮው ነበር፣ እነዚህን ፎቶዎች ያነሳሁት በሁለተኛ ካሜራነት ነው። ብቻዬን የሠራሁትን አንድ ሙሉ ሰርግ ልላክልሽ?" ምርጥ ምርጡን ለቅመሽ ግን አትላኪ። ከመልበሻ ክፍሉ ጀምሮ እስከ ማታው ጭፈራ ይሁን። በተለይ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ ዲጄው ሐምራዊ መብራት ለቆበት፣ የሙሽራዋ ፊት የፊት መልክ ይዞ የወጣበትን አሳያት። ገበያው የሞላው በፀሐይ ግባት ፎቶ ነው፤ ይሄኛውን የሚችል ጥቂት ነው። ፔጅሽ ላይ ያሉት ሥር ደግሞ "ሁለተኛ ካሜራ" ብለሽ ጻፊ።

ጀማሪ_ነኝ፦
በዚሁ አጋጣሚ፣ ሥራ ለማግኘት ቡስት ይሻላል ወይስ ሪልስ?

ትሪፖድ፦
ሜካፕ አርቲስቷንና ዲኮሩን የሠራውን ሰው ያዝ። ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ የእነሱን ሥራ የሚያሳዩ አምስት ስድስት ፎቶ ላክላቸውና ታግ እንዲያደርጉህ ጠይቅ። የሚቀጥለው ሙሽራ መጀመሪያ የምትጠይቀው እነሱን ነው። ቡስቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የድሮ_ካሜራ፦
እና ያልጨረስኩት፣ በአባል አገሮች ዘንድ...

ቀልደኛው_ፍላሽ፦
😂😂 ባለሌንሷ፣ ሙሽራዋ ምን አለች?

ጀማሪ_ነኝ፦
ሁለተኛ ካሜራ ስንሆን ውሉ ላይ ምን እናስገባ?

ትሪፖድ፦
ሮው ፋይሉ ማን ጋ እንደሚቀር፣ ፔጅህ ላይ መለጠፍ መቻልህን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ማንን ታግ እንደምታደርግ። በቴሌግራም ተጽፎ "እሺ" ቢሉህም ከምንም ይሻላል።

ቀልደኛው_ፍላሽ፦
ባለሌንሷ? አለሽ?