የአያቴ ጠመንጃ እንጨቱ ተሰነጠቀብኝ፣ እስከ ሐሙስ ድረሱልኝ!

የኤረር ልጅ (ጠያቂ)
አቦ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። የአያቴ ምንሽር እንጨቱ እጄ ላይ ለሁለት ሊከፈል ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ ብረቱን ሳወጣው ከምላጩ ኋላ፣ አንገቱ ላይ፣ ወደ ሰደፉ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርገው ቀጭ አለ። ድሮም ሌላ ሰው ነካክቶታል፤ የፊት እንጨቱ ከግማሹ ተቆርጧል፣ በርሜሉ አጥሯል፣ ማነጣጠሪያው ተነቅሎ ሌላ ተበይዶበታል። እኔ ያሰብኩት አሳምሬ ቀለል ያለ የአደን ጠመንጃ ላደርገው ነበር። አባቴ (አባባ) ሐሙስ ከቀብሪ ደሃር ይመለሳሉ። በምን ላጣብቀው? ሁለት ፎቶ ለጥፌያለሁ።

የሳቢያን ባለሱቅ
ማስቲሽ ቀባና በገመድ እሰረው። ነገ ይደርቃል፣ አብሽር።

ጡረተኛው ቶርነኛ
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ውስጡ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው? የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 ከወጣ ወዲህ «የአያቴ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። ፈቃዱ ያለበትን ፖሊስ ሳትጠይቅ መሣሪያውን ይዘህ ባለሙያ ቤት እንዳትዞር። ይህን መልስልኝና ስለ እንጨቱ እንነጋገራለን።

የኤረር ልጅ
ጋሼ፣ ባዶ ነው፣ አይቻለሁ። ፈቃዱ በአባባ ስም ነው፣ ታድሷል። ጥይቱን እሳቸው ናቸው የሚቆልፉበት።

ሐረርጌ ታሪክ
ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ምንሽር አይደለም። ድሮ ሰው ሁሉንም ምንሽር ይላል፤ ስሙ ግን የመጣው ከኦስትሪያው ማንሊኸር ጠመንጃ ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 ግራስ ነው፣ አንድ ጎራሽ። ለበን ሌቤል ነው፣ የ1886። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ማንሊኸር ጥይቱን የሚጎርሰው ከነቅንፉ፣ ጥይቶቹን አንድ ላይ ከሚይዘው ቆርቆሮ ጋር ሲሆን ባዶው ቅንፍ በታች ይወድቃል። ያንተን ሁለተኛ ፎቶ አይ፤ ሆዱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ነው፣ ወደ ታች የወጣ ካዝና የለውም፣ ማቀባበያው ጎን ላይ ረጅም የብረት ጥፍር ተኝቶበታል። ይሄ ማውዘር ነው። አናቱ ላይ ያለው አንበሳ ካልተፋቀ ደግሞ ቤልጅግ ይመስለኛል። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጂየም ማውዘር ያስመጣ ነበር፣ ጥይቱ 7.92 በ57 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ በሐረርጌ መንገድ ስንት መሣሪያ አለፈ! ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ራሱ ከታጁራ ጭኖ ተነስቶ ለምኒልክ የሸጠው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። እና አንተ ይህን የመሰለ ቅርስ የአደን ጠመንጃ ልታደርገው ነው?

ሸዋ በር
እኔም ጥያቄ አለኝ። ኤረር ጎታ ነህ ወይስ የሐረሩ ኤረር? የሐረሩ ከሆንክ የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ጎረቤትህ ነው። ምን ልታድን ነው? ያለ ዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ አደን የሚባል ነገር የለም። እኛ እዚህ ሐረር ጅቡን በስም ጠርተን በእጃችን እናጎርሳለን፣ አንተ ጠመንጃ ታሳምራለህ።

የኤረር ልጅ
የሐረሩ። ዝሆን ማን ይነካል ወንድሜ! ከርከሮ ነው ማሽላውን የጨረሰው። ሌሊቱን ጣሳ እየደበደብን ነው የምናድረው። ፈቃድ ይጠየቅ ካላችሁ ይጠየቃል። አሁን የቸገረኝ እንጨቱ ነው።

የመጋላ አናጺ
ታሪኩንም ሕጉንም ሰማን፣ ልጁ የተሰበረ እንጨት ይዞ ቆሟል። ስማኝ። ማስቲሽ የጫማ ነው፣ እንጨት በእሱ አይያዝም። ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደተሰነጠቀ ካላወቅህ ብታጣብቀውም በሁለተኛው ተኩስ ያው ነው።

ማውዘር ከሆነ፣ ከብረቱ ሥር፣ የፊተኛው ብሎን ካለበት ዘንድ ወደ ታች የወጣ አራት ማዕዘን ጥርስ አለ። ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያንን ግፊት መሸከም ያለበት ጥርሱ ተደግፎ የሚቆምበት እንጨት ነው። እዚያ ቦታ ክፍተት ከተፈጠረ ግፊቱን የብረቱ የኋለኛው ቀጭን ጅራት ይቀበለዋል። ጅራቱ ደግሞ እንደ ሽብልቅ ነው፣ አንገቱን ይፈልጠዋል። ያንተ ስንጥቅ የጀመረው ልክ እዚያ ነው። ድሬና ኤረር ያለው ድርቀትም ያግዘዋል፤ እንጨቱ ሲሟሽሽ ብሎኑ ይላላል።

ኩራዝ አለህ? ብረቱን ከሥሩ በጥላሸት አጥቁረህ እንጨቱ ውስጥ ቀስ አድርገህ አስቀምጠው፣ ብሎኖቹን አጥብቅ፣ ከዚያ ፈትተህ አውጣው። የጠቆረው ቦታ የሚነካካው ነው። የት እንደጠቆረ ንገረኝ።

የከዚራ ልጅ
አያቶቻችን እኮ እርጥብ የፍየል ቆዳ ጠምጥመው ነው የሚሰፉት። ሲደርቅ ይጨመደድና ብረት ይሆናል። እኛ ቤት እንደዚያ የተሰፋ አንድ ውጅግራ ነበር፣ ስፌቱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

የሳቢያን ባለሱቅ
ማስቲሹን ሞክረው ስልህ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሞልቷል።

የኤረር ልጅ
አናጺው፣ እጅህ ይባረክ! ጅራቱ ያለበት ጥቁር ብሏል፣ የፊቱ ጥርስ ያለበት ግን አንድ ነጥብ የለም፣ እንጨቱን ጥላሸት አልነካውም። ደግሞ ከጥርሱ ኋላ እንጨቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቀዳዳ አለ፣ ባዶ ነው። ድሮም ባዶ ነበር መሰለኝ፣ በሰም ደፍነውታል።

ጡረተኛው ቶርነኛ
በል ተገኘ። ቀዳዳው የመስቀለኛ ብሎኑ ቦታ ነው፤ ጥርሱ የሚደገፍበት ብረት እሱ ነበር። የፊቱን እንጨት የቆረጠው ሰው ነቅሎ ጥሎታል። ብሎኑን ማንም ቶርኖ ቤት ያወጣልሃል። እንጨቱን ብቻ ይዘህ ሂድ፣ መሣሪያው ቤት ይቅር።

ሐረርጌ ታሪክ፣ ክርክርህ ይገባኛል። መሣሪያው ሳይነካ ቢሆን ኖሮ እኔም እጅህን አንሳ እለው ነበር። ግን በርሜሉ አጥሯል፣ የፊት እንጨቱ የለም፣ ያ ወደ ኋላ አይመለስም። ከእንግዲህ የሚቀረው የተበላሸውን በሥርዓት መሥራት ነው። አንበሳውንና ቁጥሩን ግን እንዳትነካ፣ በብርጭቆ ወረቀትም በድንጋይም። ቁጥሩ ከተፋቀ ከሕግ ጋር ትጣላለህ፣ አንበሳው ከተፋቀ ከአያትህ ጋር።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ብየዳው ነው። ማነጣጠሪያው በርሜሉ ላይ ተበይዷል ብለሃል። የሞቀ ብረት ጥንካሬው ይለወጣል። ማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር አንድ መሆኑንም እይ፤ ካልሆነ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው፣ መዝጋቱም አያስተማምንም። ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ የጥይቱን ቤት ለክቶ ሳያረጋግጥልህ አንድ ጥይት እንዳትተኩስ። እንጨት ይተካል።

የመጋላ አናጺ
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አሁን ስንጥቁ። እንጨቱ የስንት ዓመት ዘይት ጠጥቷል፣ ዘይት ያለበት ኮላ አይቀበልም። ስንጥቁን በአሴቶን ደጋግመህ እጠበው፣ ከዚያ ጥቂት ፀሐይ ላይ አውጣው። ዘይቱ ላብ መስሎ ሲወጣ በጨርቅ ጥረግ፣ እስኪያቆም ድረስ። ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ግዛ፣ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን ሃያ አራት ሰዓት የሚቆየውን። ስንጥቁን በቀጭን ሽብልቅ ትንሽ ከፈት አድርገህ ኢፖክሲውን በክር ወደ ውስጥ እየሳብህ አስገባው፣ በሌላው ወገን እስኪወጣ። ከዚያ የሳይክል ከመነዳሪ በረጅሙ ቀደህ ከታች እስከ ላይ ጥብቅ አድርገህ ጠምጥም። ከገመድ በጣም ይሻላል፣ እኩል ይጫናል፣ እንጨቱንም አይበላም።

ሲደርቅ መስቀለኛውን ብሎን አስገባና ከጥርሱ ኋላ ያለውን ክፍተት በዚያው ኢፖክሲ ሙላ። ብረቱን በሰም ቀባው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንም ጭምር፣ አለበለዚያ ብረትና እንጨት ለዘላለም ይጋባሉ። ከጅራቱ ኋላ ግን ሁለት ወረቀት የሚያልፍበት ክፍተት ተው። ጅራቱ እንጨት መንካት የለበትም።

አንገቱ ካልያዘ አዲስ ይቀረጻል። ወይራ አትምረጥ፣ ከባድ ነው፣ ሲደርቅም ይፈነዳል። ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፣ ለስላሳ ስለሆነ ግን ጥርሱ ያለበት ቦታ ላይ ብረት ይፈልጋል።

የኤረር ልጅ
አሴቶኑን አገኘሁ። ፀሐይ ላይ አውጥቼው ጥቁር ዘይት እያላበ ነው፣ ሦስተኛ ጨርቅ ላይ ነኝ። ከሥሩ ያለው እንጨት ቀይ ነው፣ በጣም ያምራል! የማቀባበያው ቁጥር ግን ከአካሉ ጋር አይገጥምም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይለያሉ። ሐሙስ ይደርስ ይሆን?

ጡረተኛው ቶርነኛ
አይደርስም፣ አይድረስ። ቁጥሩ ካልገጠመ ይህ መሣሪያ ሳይለካ አይተኮስም። አባትህ ሲመጡ ፈታትተህ ያገኘኸውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ደርድረህ አሳያቸው። ማን እንደቆረጠውም ምናልባት እሳቸው ያውቃሉ።

የከዚራ ልጅ
ሐሙስ አለፈ እኮ። አባትህ መጡ?

የመጋላ አናጺ
ከመነዳሪውን ስትፈታ ፎቶ አንሳልን።