ለፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚሠራውን የዕድል ሾርባ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት ልሥራው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከነባለቤቱ ከአሜሪካ መጥቶ እናታችን ቤት አርፏል። ባለቤቱ በጆርጂያ ግዛት ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በእነርሱ በኩል በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን፣ ማለትም በእኛ ታኅሣሥ 23፣ ወገቡ ላይ ጥቁር ዓይን ያለው ነጣ ያለ ጥራጥሬ ሾርባ ተደርጎ ይበላል። ፍሬው የሳንቲም፣ አብሮ የሚቀርበው ጎመን የብር ኖት፣ የበቆሎ ዳቦው ደግሞ የወርቅ ምሳሌ ነው ይላሉ። የበላ ሰው ዓመቱ ይሞላለታል ተብሎ ይታመናል። «አብሬያችሁ ልሥራው» ስትል እናቴ ደስ ብሏት እሺ አለች፤ ጭንቀቱ የተረፈው ለእኔ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። የእነርሱ ሾርባ ጣዕሙን የሚያገኘው ከተጨሰ የአሳማ እግር ነው፤ ይህ ደግሞ በጾምም በፍስክም እናቴ ቤት አይገባም። ሁለተኛ፣ ያንን ጥራጥሬ እዚህ ገበያ አላገኘሁትም። ሦስተኛ፣ እኛ ከተማ ያልተከካ ጥራጥሬ ከሰል ላይ ከጧት እስከ ማታ ተጥዶም ልቡ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ለአሥራ ሁለት ሰው ያህል ነው የማዘጋጀው። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።


መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ሩቅ አትሂጂ። የእኛን ማሾ ውሰጂ። ቀወትና ኤፍራታ ግድም ላይ የሚመረተው ይህ ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ወደ ውጭ ሲላክ እንሰማለን እንጂ ደጋ ያላችሁት እምብዛም አትቀምሱትም። በዕፅዋት ሳይንስ ማሾና ያ ባለ ጥቁር ዓይኑ ጥራጥሬ ቪግና የሚባል የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ በዝምድና ከቦሎቄም ከባቄላም ይልቅ የሚቀርበው ማሾ ነው። መልኩ አረንጓዴ ነው፣ ፍሬውም ያነሰ ነው፤ ጣዕሙ ግን ለስለስ ያለና ትንሽ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ሳይዘፈዘፍም ቶሎ መብሰሉ ነው።

ለአሥራ ሁለት ሰው አንድ ኪሎ ይበቃል። ከጎመንና ከዳቦ ጋር ከሆነማ ይተርፋል።


መልስ፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን

ጥራጥሬው የሚያስቸግረው በእናንተ እጅ ምክንያት አይደለም፤ በከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ጣርማበርን ወርዳችሁ ሮቢት ብትሠሩት ውሃው ወደ 95 ዲግሪ ስለሚደርስ ያው ጥራጥሬ በጣም ፈጥኖ ይበስላል። ሮቢቶች «ቶሎ ይበስላል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ አንቺ ግን እነርሱ በሚነግሩሽ ሰዓት ላይ ግማሽ ያህል ጨምሪበት።

ፕሬዠር የምንለው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። እንፋሎቱ ስለሚታፈን እዚህም ቢሆን ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ጥራጥሬው ከነውሃው ከድስቱ ግማሽ እንዳያልፍ ተጠንቀቂ፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። ፕሬዠር ከሌለ ክዳኑ ግጥም የሚል ወፍራም ድስት ተጠቀሚ፣ በየደቂቃውም አትክፈቺው።

ሌላው ብርዱ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ውጭ ወይም ቀዝቃዛ ወጥ ቤት ውስጥ የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ውሃ የሚጠጣው በጣም በዝግታ ነው። ማሾ ካልሆነና ቦሎቄ ከሆነ፣ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጨው አድርገሽ ዘፍዝፊውና ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሪው። የጨው ውሃው ልጣጩን ያለሰልሳል፤ «ጨው ያደርቀዋል» የሚባለው አያስፈራሽ። የሚያደርቀው ኮምጣጣ ነገር ነው። ቲማቲምም ሎሚም ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ይግባ። ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ያፈጥናል፣ ግን ሾርባው ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚኑንም ይቀንሳል። እኔ አልመክረውም።


መልስ፣ ከመሃል ሜዳ

ልጄ፣ የአሳማው ነገር አያስጨንቅሽ። የምትፈልጉት ጢሱን ነው አይደል? ጢስ መንዝ መች ጠፋና! ለጠላ ጋን በወይራ እናጥን የለም? እንደዚያው ነው። ንጹሕና ደረቅ ማሰሮ ውሰጂ። በግራዋ እንዳታጥቢው፣ ምሬቱ ሾርባው ላይ ይቀራል፤ በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቢውና አድርቂው። ፍም ላይ የወይራ ስንጣሪ ጣል አድርጊና ጢሱ ሲነሣ ማሰሮውን ድፊበት። አፉ ዙሪያውን ጨርቅ ሸፍኚ፣ ጢሱ በከንቱ እንዳይወጣ። ውስጡ ጠቆር ብሎ ሽታው ሲያውድሽ አንሺውና የበሰለውን ሾርባ ትኩሱን ገልብጠሽ ወዲያው ክደኚው። ማሰሮው ራሱ በጢሱ ስለሚሞቅ አይሰነጠቅም። ጥቂት ቆይቶ ሲከፈት፣ አሳማ የለመደችው ምራታችን ራሷ «ሥጋ የት አለ?» ብላ ትፈልጋለች።

ሽንኩርቱንም አታቁላዪው ብቻ፤ ሁለቱን ራስ ከነልጣጩ ፍም ውስጥ ቀብረሽ ጥበሺና ልጣጩን ገፈሽ ከትፈሽ ጨምሪው። ቃሪያውንም እንዲሁ። በርበሬ ግን ተይው፤ ወጥ ይሆንብሻል።


መልስ፣ ስሜ ይቆየኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዕለቱ እኮ ወርኃዊው ጊዮርጊስ ነው። በጾም መካከል «ዕድል ያመጣል» ተብሎ ድስት መጣድ ከባዕድ አምልኮ በምን ይለያል? ዕድል የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፣ ጥራጥሬ አይደለም። ደግሞ የእኛ አዲስ ዓመት መስከረም 1 ካለፈ ስንት ጊዜው!


መልስ፣ ከአንኮበር፣ አትላንታ ብዙ ዘመን የኖርኩ

ወንድሜ፣ እንደዚያ አጥብቀህ አትያዘው። እዚያ ስኖር በየዓመቱ በዚህ ቀን ጎረቤቶቼ ይጠሩኝ ነበር፤ ለጥራጥሬው የሚሰግድ አላየሁም። ከመብላታቸው በፊት የሚጸልዩ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው የመጡ። ነገሩ ታሪክ አለው። ያ ጥራጥሬ ወደ አሜሪካ የገባው ከአፍሪካ፣ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ጋር ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሪያ ነጻነት አዋጁን ሥራ ላይ ያዋለው በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው፤ በዋዜማው ሌሊት ጥቁሮች በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስበው ነጻነታቸውን ሲጠብቁ አነጉ። ስለዚህ ያ ቀን ለእነርሱ የቀን መቁጠሪያ መለወጥ ብቻ አይደለም። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የሰሜን ወታደሮች ሁሉን ዘርፈው ይህን ጥራጥሬ የከብት መኖ ነው ብለው ተዉት፣ ሕዝቡም በእርሱ ከረሃብ ዳነ የሚል ወግም ያወራሉ፤ ይህኛው ግን ወግ ነው።

አንዳንዱ ቤት ሳንቲም ድስቱ ውስጥ ይጥላል፣ የደረሰው ባለ ዕድል ነው ተብሎ። እርሱን ተዉት፤ ጥርስ ይሰብራል።

ስለ አቀራረቡ ልንገርሽ። ሩዝ ከተቀላቀለበት ሆፒን ጆን ይሉታል፤ ያኛው ደረቅ ያለ ነው። ሾርባ ከፈለጋችሁ ሩዙን ለብቻው ቀቅላችሁ ሳህን ላይ ትንሽ አድርጋችሁ ሾርባውን አፍስሱበት። ጎመኑን እነርሱ በደንብ እስኪልም ይቀቅሉታል፣ ውሃውንም አይደፉትም፤ በበቆሎ ዳቦ እየነከሩ ይጨርሱታል። የሐበሻ ጎመን ለዚህ ከእነርሱም ይሻላል ባይ ነኝ። የበቆሎ ዳቦው በወተትና በእንቁላል ነው የሚሠራው፤ ለጾም የበቆሎ ዱቄት ብቻውን ስለሚፈረፈር እኩሌታውን የስንዴ ዱቄት ጨምሪና በእርሾ አቡኪው፣ ዘይት ትንሽ፣ ስኳር አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ በኮባ። እርሷ የምታውቀውን አይመስልም፤ ግን በሾርባው ሲነከር የሚያሳፍር አይደለም።


መልስ፣ የደብረ ሲና ልጅ፣ በጤና ሙያ ላይ ያለሁ

ማሾ ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። በቀይ ቦሎቄ የምትተኩት ከሆነ ውስጡ በጥሬነቱ የሚመርዝ ፕሮቲን አለ፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉና ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ ይፍላ። ከዚያ በኋላ ነው እሳቱን ቀነስ ማድረግ የሚቻለው። ከመጀመሪያው በዝግታ ከሰል ላይ ሲንፈቀፈቅ ማዋል ያልበሰለውን መርዝ ያቆየዋል፤ የእኛ ደጋ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ሰዓቱን ማሳጠር አይገባም። ነጭ ቦሎቄ የዚህ ፕሮቲን መጠኑ ያነሰ ቢሆንም እንደዚያው አድርጉት።

ባቄላ ደግሞ የሸዋ ደጋ ኩራት ነው፣ ለእንግዳ ለማቅረብ ያጓጓል። ግን አስቀድማችሁ ጠይቋት። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። ችግሩ በዘር የሚወረስ ነው፣ ከአፍሪካ የዘር ግንድ ባላቸው አሜሪካውያን ዘንድም የታወቀ ነው፤ ራሷ ታውቀው ይሆናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ አትፈሩ።


መልስ፣ ከሞላሌ

ባቄላውን ከስንዴ ጋር ቀቅላችሁ ብታቀርቡስ? ጉልባን እኮ ለጸሎተ ሐሙስ የምናውቀው ነው። ብቻ ደጃችሁን ክፍት አታድርጉ፤ ጎረቤት ንፍሮ ሲሸተው «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል። የዕድሉ ነገር ያኔ ያከትማል!


ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን

እናንተን ያቆይልኝ። ከሳቄ መለስ ስል ወሰንኩ፤ ማሾ ነው። የሮቢቱን ወንድሜን መልእክት ለወንድሜ ባለቤት ሳስተረጉምላት «ዘመዱ ከሆነ ይቆጠራል» አለች። የባቄላውንም ጠየቅኋት፤ ለራሷ ችግሩ የለባትም፣ አጎቷ ግን አለበት አለች። የጤና ባለሙያውን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሰሮ አለን፣ ወይራውን እናቴ ታውቅበታለች። ፕሬዠር ከጎረቤት እለምናለሁ። የቀረኝ ሁለት ነገር ነው፦ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ እነርሱ ደግሞ በቀትር ነው የሚበሉት። ሾርባው ሲቆይ አይፈርስም? የማሾ ጥሩውንስ በምን እለያለሁ?


መልስ፣ ከመሃል ሜዳ

እንግዳዋ በቀትር ትቅመስ እንጂ፤ ትልቁ ማዕድ ግን በዘጠኝ ሰዓት ይሁን። እናትሽ ባርከው ሳይቆርሱ የሚበላ የአዲስ ዓመት ማዕድ ምኑ ማዕድ ነው? ማሾው እስኪበስል አድርሺውና አውርጂው፣ በወይራ ወደ ታጠነው ማሰሮ የምትገለብጪው ግን ሊቀርብ ሲል ነው። አለዚያ ጢሱ በዝቶ ይመራል። ቆይቶ ከወፈረ የፈላ ውሃ ጨምሪ፣ ቀዝቃዛ አይደለም።


መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ጥሩው ማሾ አረንጓዴው ደመቅ ያለ፣ ፍሬው እኩል የሆነ ነው። የደበዘዘው የከረመ ነው፤ እርሱ በፕሬዠርም ያስቸግራል። ነቀዝ የበላው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ እርሱን ጨልፈሽ ድፊው። ድንጋዩን ግን በቀን ብርሃን ሰፌድ ላይ አበጥሪና ልቀሚ፤ በአውድማ ስለሚወቃ ጠጠር አይጠፋውም፣ ማታ በአምፖል ከተለቀመ ደግሞ ያመልጣል። በፕሬዠር ከሆነ ማሾ አሥር ደቂቃም አይፈልግም፣ ከዚያ ካለፈ ገንፎ ይሆንብሻል። ጧት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና ላይ ለሚሳፈር ሰው አደራ ልሰጥልሽ እችላለሁ፤ ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ።