ሆዱ ላይ ቱቦ ያለው ልጅ ይዞ ደሴ መግባት

ጥያቄ፣ ከስቶክሆልም፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኅብለ ሰረሰሯ በደንብ ሳይዘጋ ነው የተወለደችው። ሰገራ ይደርቅባታል፣ ደግሞ ሳታውቀው ያመልጣታል። መስከረም ላይ ሆዷ ላይ ቱቦ አስገቡላት፤ በእሱ በኩል ማታ ማታ አንጀቷን እናጥባለን። ክረምቱን ደሴ እናቴ ጋ ለመክረም ትኬት ቆርጠናል። ባለቤቴ ግን "ውሃ በሌለበት ምን ልትሆኑ ነው፣ ይቅር" ይላል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ይዞ አገር ቤት የሄደ አለ?

መልስ፣ ከዴንቨር፦
እህቴ፣ ትኬቱን እንዳትሰርዢው። እኛ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዘን አምስት ሳምንት ደሴ ከርመናል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከታች የሚሰጥ ኤኒማ፣ ማለትም በፊንጢጣ የሚገባ ማጠቢያ፣ የሚያጥበው የአንጀቱን መጨረሻ ነው። ይሄኛው የሚጀምረው ከላይ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ትልቁ አንጀት ከሚነሳበት ቦታ። ውሃው ዞሮ ዞሮ ሁሉንም ጠርጎ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ አገር ማሎን የተባለ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ ናቸው ዘዴውን ያስተዋወቁት። ትርፍ አንጀትን እንደ ቧንቧ አድርገው ከሆድ ቆዳ ጋር አገናኙት። "ትርፍ" ስንለው ለካ ሥራ ነበረው! የልጄ ትርፍ አንጀት ግን አልተነካም። የገባለት ቱቦ ነው፤ ከውጭ የምትታየው የኮት ቁልፍ የምታክል ክዳን ብቻ ናት። ማታ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፣ ከዚያ እስከ ነገ ማታ ነፃ ነው። ያለ ዳይፐር ትምህርት ቤት መዋል ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ባልሽ። ውሃ በፈረቃ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ልጄ በቀን የሚፈልገው አንድ ሊትር አይሞላም። አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፣ በአንድ ሊትር ሃይላንድ እለካለሁ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው እጨምራለሁ። ይሄ የእኛ ነርስ የሰጠችን ልክ ነው፤ የልጅሽን ከራሷ ሐኪም ውሰጂ። ባዶ ውሃ ግን በፍጹም፤ የሰውነትን ጨው ያዛባል። የመለኪያ ማንኪያም ከዚያው ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ ቤት ያገኘሁት የሻይ ማንኪያ ሦስት ዓይነት ነበር። ደግሞ የደሴን የክረምት ብርድ አትርሺ። አንድ ማታ ቸኩዬ ሳላሞቀው ብሰጠው ሆዱን ይዞ ተጣጠፈ። ለብ ማለት አለበት።

እኛን ያስቸገረን ውሃው አይደለም፣ ሽንት ቤቱ ነው። ቁጢጥ የሚባልበት ነው። እንኳን የእሱ እግር፣ የእኔም አርባ አምስት ደቂቃ አይችልም። ሰኞ ገበያ አናጢ ፈልገን መሃሉ የተቀደደ ወንበር አሠራን፣ ከሥሩ ባልዲ። አናጢው "ለሽማግሌ ነው?" አለኝ። "አይ፣ ለጎረምሳ" አልኩት።

የውሃውን ከረጢት ግድግዳው ላይ ምስማር መትተን ሰቀልነው። ያየ ሁሉ ግሉኮስ መሰለው። በማግስቱ ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። አማቴም ቱቦውን ሲያዩ ደንግጠው "ተልባ እያለ ለምን ልጁን ቀደዱት?" ብለው አለቀሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀድሜ በስልክ አልነገርኳቸውም። አንቺ ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪ።

አንድ የከበደ ቀን ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ሄድን። ኳስ ሲጫወት ቱቦው ተመዞ ወጣ። ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል፣ ስለዚህ ነገ ሐኪም ያየዋል አይባልም። ነርሷ አስተምራኝ ስለነበር የያዝኩትን ካቴተር (ቀጭን ለስላሳ ቱቦ) ቀዳዳው እንዳይዘጋ አስገብቼ በፕላስተር አሰርኩት። ከዚያ መለዋወጫውን ይዘን ሐኪም ቤት ገባን። ወጣቱ ሐኪም "ምግብ የሚወስደው በዚህ ነው?" አለ። አልፈርድበትም፣ ቁርጥ የምግብ ቱቦ ይመስላል። ግን እኔ ባልኖርስ? አሁን በአማርኛ የተጻፈ ካርድ ከልጁ አይለይም፦ "ይህ የምግብ ቱቦ አይደለም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው የሚገባው።" ከሐኪሟ ደብዳቤ፣ መለዋወጫ ቱቦና በልኳ የሆነ ካቴተር ያዢ። ሻንጣ ይጠፋልና በእጅሽ ይሁን።

መልስ፣ ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እዚሁ ነርስ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ኅብለ ሰረሰራቸው ሳይዘጋ የተወለዱ ልጆች ላቴክስ የሚባለው የጎማ ዓይነት በጣም ሊያስቆጣቸው ይችላል። እዚህ የምታገኙት ጓንትና ካቴተር ላቴክስ ሊሆን ስለሚችል ከሲሊኮን የተሠራውን ከዚያው አምጪ። የልደት ፊኛም ያው ላቴክስ ነው። ትኩሳት ካላት፣ ካስመለሳት ወይም ሆዷ ተነፍቶ ከጠጠረ ማጠቡን አቁመሽ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ከስቶክሆልም፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእናቴ ትናንት ደወልኩ፤ አለቀሰች፣ ከዚያ "መቼ ነው የምትደርሱት?" አለች። ባለቤቴ ደግሞ "አናጢው የት ጋ ነው?" እያለ ነው።

ከዴንቨር፦
አዲስ ምን ያሠራችኋል፣ የእኛ ወንበር እዚያው አለ። አማቴ ቀዳዳው ውስጥ የአበባ ማሰሮ ከተውበት በረንዳ ላይ አስቀምጠውታል። እደውልና አበባውን ያነሱልሻል።