አዳማ ላይ ሲነዱት ደስ የሚል መኪና ለሚፈልግ፦ የኤሌክትሪክ ወይስ የቤንዚን? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ሲሆን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። መኪና የምወደው ስለሚያደርሰኝ ብቻ ሳይሆን መንዳቱ ራሱ ደስ ስለሚለኝ ነው። አሁን ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል፤ ማኑዋል ማርሽ ያለው ያገለገለ የቤንዚን ስፖርት መኪና ቶዮታ ሴሊካ፣ ትንሹ የኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋል እና ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ቮልስዋገን አይዲ 4። የኤሌክትሪክ መኪና የቤንዚን ስፖርት መኪናን በቅርቡ ከገበያ ያስወጣዋል ሲባል ስለምሰማ፣ ሴሊካውን ብገዛ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚገዛው አጥቶ ግቢዬ ውስጥ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። ሁለቱንም ዓይነት የነዳችሁ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦

ሰላም ለእርስዎም። ሴሊካ ስድስት ዓመት ነድቼ ከሸጥኩ በኋላ አይዲ 4 ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሲጋልን ግን የማውቀው የእህቴን እየተዋስኩ ነው። ውሳኔዬን አስቀድሜ ልናገርና እንደ እርስዎ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው የምጠቁመው አይዲ 4ን ነው። ምክንያቴ ግን የቤንዚን ስፖርት መኪና ዘመኑ አልፏል የሚል አይደለም፤ እንዲያውም አላለፈም ከሚሉት ወገን ነኝ።

ስለ ጉልበት ስናወራ የምንኖርበትን ከፍታ መርሳት የለብንም። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለሆነ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ሲሳሳ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን ያጣል። ባለ 1.8 ሊትሩ ሴሊካ ከፋብሪካ ሲወጣ 140 ገደማ የፈረስ ጉልበት አለው ቢባልም፣ 1,600 ሜትር ላይ ባለችው አዳማ የሚቀረው 120 አካባቢ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ወደ 110 ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው የአይዲ 4 የኋላ ጎማዎች የሚያገኙት 204 የፈረስ ጉልበት ሶደሬም ሆነ እንጦጦ ላይ ያው 204 ነው።

ሆኖም በዚህ ቁጥር ብቻ አይደምድሙ። ሴሊካ ከ1,100 ኪሎ ግራም ብዙም አይዘልም፤ አይዲ 4 ባትሪውን ተሸክሞ ሁለት ቶን ያልፋል። ጉልበቱን ለክብደቱ ሲያካፍሉት በአዳማ ከፍታ እንኳ ሁለቱም በቶን 100 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ታዲያ አይዲ 4 ለምን እጅግ የፈጠነ ይመስላል ቢሉ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለ የሌለ የመግፊያ ኃይሉን ገና ከቆመበት ሲነሳ ስለሚሰጥ ነው። የክፍያ ጣቢያው አግዳሚ ብረት ተነሥቶ ነዳጅ መስጫውን ጫን ሲያደርጉ (ነዳጅ ባይኖረውም ስሙ አልተቀየረለትም) ጀርባዎ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል፤ 100 ካለፉ በኋላ ግን ያ ግፊት እየለዘበ ይሄዳል። ሴሊካው በተቃራኒው ሞተሩ በደንብ እስኪሽከረከር ይለምንዎታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይዘምራል።

ያንን ዜማ በቁጥር ልገልጸው አልችልም። እሑድ ጠዋት ወደ ሶደሬ ስወርድ መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ፍሪሲዮን ረግጬ ወደ ሦስተኛ ሳወርደው፣ የማርሹ እጀታ መዳፌ ውስጥ ሞቅ እንዳለ ቀጨም ብሎ ሲገባና የማርሚታው ድምፅ ከኋላ ወፈር ሲል እስካሁን ይታወሰኛል። መሪው ጎማው የረገጠውን ጠጠር ሁሉ ይነግረኝ ነበር። አይዲ 4 በዚያው መታጠፊያ ላይ በጸጥታና ያለ ስጋት ያልፋል፤ ሆኖም ክብደቱ ወደ ውጭ ሲስበው ይታወቃል፤ ለእጄም ብዙ የሚነግረው ነገር የለም። የስፖርት መኪና ጉዳይ ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው እንጂ ከመብራት ላይ ቀድሞ በመነሣት አይደለም።

በዓለም ገበያም የሚታየው ይኸው ነው። ቀድሞ በመነሣት ረገድ ውድድሩ አልቋል፤ የክሮኤሺያው ሪማክ ኔቬራ ከዜሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርሰው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ነው፤ የቻይናው ሻውሚ ኤስዩ7 አልትራም እ.ኤ.አ. በ2025 የጀርመኑን የመኪና ውድድር መንገድ ኑርበርግሪንግን በ7 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ዞሮታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2030 ከ80 በመቶ በላይ ሽያጬ በኤሌክትሪክ ይሆናል ብሎ የነበረው ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2024 ሽግግሩ ካሰበው በላይ ጊዜ እንደሚወስድ አምኗል። ኔቬራን የሠራው ሰው የሚመራው ቡጋቲ ራሱ በዚያው ዓመት ያሳየው ቱርቢዮን ባለ 16 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ከኤሌክትሪክ ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። ለዚህ ዓይነት መኪና ገንዘብ ያለው ሰው ድምፅና ማርሽ ይፈልጋል። ህዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ለተባለው ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪናው የሐሰት ማርሽና የሐሰት የሞተር ድምፅ መግጠሙ ደግሞ ምን እንደጎደለ አምራቾቹም እንደሚያውቁ ያሳያል።

የእኛ አገር ነገር ግን በምርጫ የሚወሰን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ሴሊካን የመሰለ መኪና የሚገኘው ቀድሞ ከገባው መካከል ብቻ ነው። ይህ ማለት መኪናው መንገድ ላይ መንዳት ተከለከለ ማለት አይደለምና የሚገዛው ያጣል የሚለው ስጋትዎ የተጋነነ ይመስለኛል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። የባለ 1.8 ሊትሩ ሴሊካ ሞተር ከኮሮላ ጋር አንድ ስለሆነ ካንዴላውም፣ የዘይት ፊልተሩም፣ የውሃ ፓምፑም እዚሁ ከተማ ይገኛል፤ የአካሉ ዕቃ ግን ጨርሶ አይገኝም። አንድ ባጃጅ የግራ የፊት መብራቴን ሰብሮብኝ አንድ መለዋወጫ ነጋዴ ከውጭ አስመጣልሃለሁ ብሎኝ አራት ወር ከጠበቅኩ በኋላ ያመጣልኝ የቀኙን ነበር። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ማደያ ላይ የሚጠፋውን ግማሽ ቀን ደግሞ የአዳማ ሰው ስለሆኑ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ መንገዱ። የፍጥነት መንገዱ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ሲነዳ የእኔው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ 19 ገደማ፣ ወደ አዳማ ሲወርድ 13 ገደማ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ልዩነቱ የዳገቱ ዋጋ ነው፤ ሁለት ቶን የሚመዝን ነገር ያን ያህል ከፍታ ላይ ማውጣት ኃይል ይጠይቃል፣ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ፍሬን እየያዘ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚይዝ ደርሶ መልስ ሄጄ፣ ከተማ ውስጥ ዞሬም ይተርፈኛል። በ120 ከነዱ ግን የተረፈው ቶሎ ያልቃል። የሲጋል ትልቁ ባትሪ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ደርሶ መልሱን ይችለዋል፣ ነገር ግን በጭንቅ ነው። ጉልበቱም 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ የፍጥነት ጣሪያውም በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከባድ መኪና ለመቅደም ሲወጡ የሚጨምሩት ነገር አይኖርዎትም። ለከተማ ግሩም መኪና ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም።

ቻርጅ በተመለከተ የእኔን ጥፋት አይድገሙ። በመጀመሪያው ወር ሳሎን ካለው ሶኬት በማከፋፈያ ገመድ ስቤ አድር ነበር። አንድ ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀስቅሶኝ ብወጣ የማከፋፈያው ቀዳዳ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቋል። ማንንም አልወቅስም፤ ያ ገመድ ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቼ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ የራሱ 32 አምፒር ብሬከርና ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መስመር አስገጠምኩ። በተራ ሶኬት በ10 አምፒር አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ከ20 ወደ 80 በመቶ መሙላት አሁን ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ያቆማል፤ ሲመጣ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ባትሪውን ከ40 በመቶ በታች አውርዶ የማደር ልማድ አይኑርዎት። ኃይሉ በአገር አቀፉ መስመር ተደባልቆ የሚመጣ ቢሆንም፣ ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ የሚዞሩት የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እንዳላቸው ሳስብ፣ ዓይናችንን በአቧራ ሲሞላ የኖረው ነፋስ በመጨረሻ ዕዳውን መክፈል የጀመረ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ያየሁት አይዲ 4 ከቻይና በቀጥታ የመጣ ነው። ከመክፈሌ በፊት ምን ልመልከት? እውነቱን ለመናገር ልቤ ግን አሁንም ሴሊካው ጋር ነው።

መልስ፦

የልብዎን እረዳለሁ። ሴሊካውን ለሥራ መመላለሻ አይግዙት እንጂ ሁለተኛ መኪና ለመያዝ አቅሙ ሲኖርዎ ለእሑድ ይግዙት።

አይዲ 4ን በተመለከተ፣ መኪናው ተነሥቶ ሊፍት ላይ ሳይወጣ ገንዘብ አይስጡ። ባትሪው ወለሉ ሥር በመሆኑ በየሰፈራችን ያሉት ጉብታዎች መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ነው፤ የመከላከያው ሽፋን የተፋቀ ከሆነ ብዙ አይጨነቁ፣ የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይተዉት። ቀጥሎ የባትሪውን ቀሪ አቅም በምርመራ መሣሪያ የሚያነብ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ፤ የዳሽቦርዱን መቶኛ አይመኑ፣ እሱ የሚናገረው ዛሬ የተሞላውን ብቻ ነው። መሰኪያው የቻይናው ጂቢ/ቲ ስለሚሆን ከሻጩ ጋር አብሮ የሚሰጠውን ቻርጀር እዚያው ሰክተው ይሞክሩት፤ ከቤት ውጭ ሊጠቀሙበት ያሰቡት ጣቢያ የአውሮፓው መሰኪያ ሲሲኤስ 2 ብቻ ካለው ከዚህ መኪና ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ቢሆን በሁለት ሳምንት ይለምዱታል።

በመጨረሻም መኪናውን ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ወስደው እስከ ሞጆ ድረስ በፍጥነት መንገዱ ይንዱት፤ ሲመለሱም የባትሪ ሙቀት ማስጠንቀቂያ መምጣት አለመምጣቱን ይመልከቱ። ሻጩ ሰፈር ውስጥ ብቻ ዙርና መልሰው ካለዎት ሌላ መኪና ይፈልጉ።